የውጭ ሸሪክ ስትመርጡ፦ ከባሕር ዳር ለሚነሣ ነጋዴ የአራት መንገዶች ንጽጽር

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ማር፣ ሰሊጥ ወይም የዘጌ ቡና ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ሰው ገዢ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሰውየው ይታመናል?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ዓመታት አብረው ሳይሠሩ አይታወቅም። በዚያ ላይ የሚታመን ሰውም ይከስራል፣ ይታመማል፣ አገሩ ይታመስበታል። በመተማ በኩል ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር በቃል ብቻ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ሸሪኮቻቸው ከነሐቀኝነታቸው ተሰደዱ።

ስለዚህ ለሚያማክረኝ ሁሉ ሌላ ሁለት ጥያቄ በወረቀት ላይ እንዲጽፍ እነግረዋለሁ። አንደኛው፣ ዕቃዬም ገንዘቤም በአንድ ጊዜ በሸሪኩ እጅ የሚሆኑባቸው ቀናት ስንት ናቸው? ሁለተኛው፣ ውላችን ነገ ቢፈርስ ተመልሶ የማይመጣ ምን ሰጥቼዋለሁ? ከታች ያሉትን አራት መንገዶች የማነጻጽረው በእነዚህ ሁለት ሚዛኖች ነው።

ለአዲስ አበባ ላኪ ማስረከብ

ለጀማሪ ይህ መንገድ አያሳፍርም። ምርቱን ለቅማችሁ፣ አበጥራችሁ፣ በጆንያ አሽጋችሁ ታስረክባላችሁ፤ የላኪነት ፈቃዱም፣ የባንክ ጣጣውም፣ የጅቡቲ ወደብ ወጪውም የላኪው ነው። ክፍያው በብር ነው። ብትጣሉም መጋዘኑ ድረስ ሄዳችሁ ትነጋገራላችሁ፣ ካልሆነም እዚሁ አገር ትከሳላችሁ። በመጀመሪያው ሚዛን ስጋቱ ትንሽ ነው።

የምትከፍሉት ዋጋ ሌላ ቦታ ነው። የመጨረሻውን ገዢ አታውቁትም፤ እሱም አያውቃችሁም። የዶላሩም ለውጥ የእናንተ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን በብር ዋጋ ቆርጦ ያስረከበ አቅራቢ ልዩነቱን ሁሉ ለላኪው ትቶለታል። በዚያው ማሻሻያ ላኪ ካስገባው የውጭ ምንዛሪ ግማሹን በሒሳቡ ይዞ እንዲጠቀም ተፈቅዷል፤ ማሸጊያ ማሽን ለማስመጣት ለሚያስብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መብቱ ግን በራሱ ስም የላከው ሰው ነው።

ይህን መንገድ የምትይዙ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ። ዋጋው በማስረከቢያው ቀን የባንክ ምንዛሪ እንዲስተካከል፣ ዕቃው ውጭ ከደረሰ በኋላም የጥራት ውጤቱ ግልባጭ እንዲሰጣችሁ። ሁለተኛውን የሚከለክል ላኪ ብዙ ነው፤ የሚሰጥ ላኪ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ያ ወረቀት በኋላ ለራሳችሁ ገዢ የምታሳዩት ማስረጃ ይሆናል።

በቀጥታ ለውጭ ገዢ መሸጥ

እዚህ ጋ ሰፋ አድርጌ መናገር ያለብኝ ስለ አከፋፈል ነው። እንደ እኔ እምነት ከገዢው ማንነት ይልቅ የአከፋፈሉ ዓይነት የግንኙነቱን መልክ ይወስናል።

ቅድሚያ ክፍያ፣ በነጋዴው አፍ ቲቲ፣ ለእናንተ የሚሻል የለም፤ ስጋቱ በሙሉ የገዢው ነው። አዲስ ገዢ ሙሉውን አስቀድሞ ይከፍላል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ከፊሉን ሲከፍል ልኩን በስሜት አትቁረጡት። ገዢው ቢከዳችሁ ዕቃውን ለሌላ ሰው ለመሸጥ የምታወጡት የመጓጓዣና የመጋዘን ወጪ፣ የሚወርደውም ዋጋ ተደምሮ ስንት ይሆናል? ቅድሚያው ቢያንስ ያንን ይሸፍን። ለብዙ ዕቃ ይህ ከዋጋው ሲሶ አካባቢ ይመጣል፤ ቶሎ ለሚበላሽ ዕቃ ከዚያም ይበልጣል።

ኤልሲ የገዢው ባንክ ራሱ የሚገባው የክፍያ ግዴታ ነው። ገዢው ቢያኮርፍ እንኳ ሰነዱ ከተሟላ ባንኩ ይከፍላል። ባንኩ የሚያየው ወረቀት ነው፤ ጆንያውን ከፍቶ አያይም። በዓለም አቀፉ ደንብ፣ ዩሲፒ 600 በሚባለው፣ ሰነዱን መርምሮ ለመወሰን ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀናት አለው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሚሆነውን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ቡና የተለመደ ጭነቱ 320 ጆንያ ነው፤ በጆንያ 60 ኪሎ፣ በድምሩ 19,200 ኪሎ። ኢንቮይሱ የተጣራ ክብደት 19,200 ኪሎ ሲል፣ ፓኪንግ ሊስቱ (የጭነቱ ዝርዝር) ደግሞ በዚያው ቦታ ላይ የጆንያውን ክብደት ጨምሮ ካሰፈረ፣ ባንኩ ሰነዱ እርስ በርሱ ይጋጫል ብሎ ይመልሰዋል። መርከቡ በኤልሲው ላይ ከተጻፈው የመጫኛ ቀን አንድ ቀን አሳልፎ ቢጭንም ያው ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ክፍያው የገዢው በጎ ፈቃድ ይሆናል፤ የዓለም ዋጋ ወርዶ ከሆነ ደግሞ ለበጎ ፈቃዱ የዋጋ ቅናሽ ይጠይቃችኋል።

ለዚህ ነው ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው የኤልሲውን የመጫኛ ቀን ሲስማማ የአዲስ አበባ ላኪ የሚያስበውን ቀን መገልበጥ የሌለበት። የዓባይ በረሃ መውረጃና መውጫ አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በነበረው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸውን ጊዜያት ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ረቂቁ ሲመጣላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ለባንካችሁ የኤክስፖርት ክፍልም ዕቃውን በጉምሩክ ለሚያሳልፍላችሁ ትራንዚተርም አሳዩት። ኤልሲ ከተከፈተ በኋላ የሚደረግ ማሻሻያ ገንዘብም ጊዜም ይበላል፤ የገዢውንም ፈቃድ ይጠይቃል።

ሲኤዲ፣ ማለትም ሰነድ ሲረከቡ የሚፈጸም ክፍያ፣ ከኤልሲ ይረክሳል፤ ገዢዎችም ይወዱታል። ሰነዱ በባንክ በኩል ይሄዳል፤ ገዢው ከፍሎ ይወስደዋል። ባንኩ ግን «እከፍላለሁ» አላለም፤ መልእክተኛ ነው። ገዢው አልወስድም ካለ ዕቃው ሩቅ ወደብ ላይ ኪራይ እየቆጠረ ይቆማል። ቢሆንም በባሕር የሄደ ዕቃ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ ማለትም የመርከብ ጭነቱ የባለቤትነት ሰነድ፣ በባንኩ እጅ እስካለ ድረስ ገዢው አይነካውም።

በአውሮፕላን ሲላክ ነገሩ ይለወጣል፤ ብዙ የቅመም ላኪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኤርዌይ ቢል፣ ማለትም የአየር ጭነቱ ሰነድ፣ የባለቤትነት ሰነድ አይደለም። ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው ገዢው ከሆነ፣ ሰነዱ ባንክ ውስጥ ቢተኛም እሱ ማንነቱን አሳይቶ ከካርጎ ዕቃውን ይረከባል። ወረቀቱ ላይ ሲኤዲ ተብሎ ተጽፏል፤ በተግባር ግን በዱቤ ሸጣችኋል ማለት ነው። መፍትሔው ተቀባዩ የገዢው ባንክ እንዲሆን ባንኩን አስቀድሞ ማስፈቀድ ነው፤ ባንኩ እምቢ ካለ በአየር የሚሄደውን በቅድሚያ ክፍያ ብቻ መላክ።

ኮንሳይመንት፣ ማለትም «ዕቃው ሲሸጥ ገንዘቡን እልካለሁ»፣ በመጀመሪያው ሚዛን ከሁሉም የከፋ ነው። ዕቃውም ገንዘቡም ለወራት በእሱ እጅ ናቸው፤ የሸጠበትን ዋጋም የሚነግራችሁ እሱ ነው። ለአዲስ ግንኙነት አልመክረውም።

ጥራትን በተመለከተ፣ የምወስደው ምሳሌ በርበሬ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ የፈቀደው የአፍላቶክሲን ቢ1 (ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ) ጣሪያ በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ የጠቅላላው አፍላቶክሲን 10 ማይክሮግራም ነው። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም የመጣ በርበሬ መሬት ላይ ተሰጥቶ የሌሊት ጤዛ ካገኘው፣ ዓይን የማያየው ሻጋታ ውስጡ ይገባል። ዕቃው ወደቡ ላይ ቢወድቅ ኪሳራው የማን ነው? ውሉ ይህን ካልመለሰ የእናንተ ነው። የማየው ጥሩ አሠራር ይህ ነው፦ ከመጫኑ በፊት ከተለያዩ ጆንያዎች የተወሰደው ናሙና ይደባለቅና ለሦስት ይከፈላል፤ ሦስቱም ከረጢቶች ታሽገው ይፈረምባቸዋል፤ አንዱ ወደ ላቦራቶሪ፣ አንዱ ወደ ገዢው ይሄዳል፣ አንዱ እናንተ ጋ ይቀመጣል። የትኛው ላቦራቶሪ የሰጠው ውጤት የመጨረሻ እንደሚሆን በውሉ ይጻፋል። ይህን ጥያቄ በደስታ የሚቀበል ገዢ ዕቃው ሲወድቅ ሊሰወር የሚያስብ አይመስለኝም።

በቡና በኩል ደግሞ የአውሮፓ ገዢ የማሳ መገኛ ነጥብ ይጠይቃል። ኅብረቱ ያወጣው የደን ምንጣሮ ሕግ ከታህሳስ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል፤ የተግባር ጊዜው ሲራዘም ቢቆይም ገዢዎች ከወዲሁ መጠየቅ ጀምረዋል። በደን ጥላ ሥር ለሚበቅለው የዘጌ ቡና ሕጉ ጥሩ ዕድል ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱን ገበሬ ስምና የማሳውን መገኛ ስትሰጡ፣ ዓመታት የለፋችሁበትን የአቅርቦት መረብ ካርታ አስረከባችሁ ማለት ነው። ያ በሁለተኛው ሚዛን ተመልሶ የማይመጣ ነገር ነው። መረጃውን መስጠት ግድ ከሆነ፣ ገዢው ለተወሰኑ ዓመታት እናንተን ዘልሎ ከእነዚያ ገበሬዎች እንዳይገዛ የሚከለክል አንቀጽ ከመረጃው በፊት ይፈረም።

በውጭ የሚኖር ዘመድ፣ ወኪል ወይም ብቸኛ አከፋፋይ

ባሕር ዳር ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ብዙ ቅሬታም የሚሰማው ከዚሁ ነው። አንዲት የማውቃት ሽሮና በርበሬ አዘጋጅ ዕቃዋን አሜሪካ ላለ የወንድሟ ልጅ ትልክ ነበር። ልጁ አልከዳትም። ሱቆቹ በዱቤ ወሰዱበት፤ ሁለቱ ሳይከፍሉ ተዘጉ፤ እሱም ከደመወዙ እየቆረጠ ትንሽ ትንሽ ይልክላት ነበር። ስትደውልለት «እትዬ፣ ሰዎቹ እኮ አልከፈሉኝም» ይላታል፤ ከዚያ በላይ መጠየቅ አልቻለችም። ከወንድሟ ጋር በለቅሶ ቤት ስትገናኝ ገንዘብ ማንሣት ነውር ሆነባት። ከባዕድ ጋር ቢሆን ኖሮ ውሉን አውጥታ ትነጋገር ነበር።

ዘመድን ከሥራው አስወጡት አልልም፤ ቦታውን ለውጡለት። ሱቆቹን የሚያግባባ፣ መደርደሪያቸውን እየዞረ የሚያይ፣ በሽያጩ ልክ ኮሚሽን የሚከፈለው ወኪል ይሁን። ኢንቮይሱ ግን በቀጥታ ለአስመጪው ይውጣ፣ ገንዘቡም በቀጥታ ወደ ባንካችሁ ይምጣ። ለአሜሪካ ገበያ ሌላም ጥቅም አለው፦ ምግብ የሚያዘጋጅ የውጭ ድርጅት በአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሲመዘገብ እዚያ የሚኖር ወኪል ማስመዝገብ ግዴታው ነው፤ ዘመዳችሁ ያንን ቦታ ሊይዝ ይችላል። በሻንጣ የሚሄደው የቤት ስንቅ ሌላ ነገር ነው፤ ለንግድ የሚላክ ምግብ ያለ ምዝገባ ወደብ ላይ ይያዛል።

ብቸኛ አከፋፋይ ከዚህ ይለያል። ዕቃውን በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ በለውጡ «በዚህ አገር ከእኔ ሌላ ለማንም አትሸጡ» ይላል። በመጀመሪያው ሚዛን ጥሩ ነው፤ ስጋቱ በሁለተኛው ሚዛን ነው። ገበያውን በሙሉ ሰጥታችሁት እሱ በዓመት አንድ ፓሌት ቢገዛስ? ብቸኝነቱ ለአንድ አገር ብቻ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ከዝቅተኛ የግዢ መጠን ጋር ይሁን፤ መጠኑን ካላሟላ ያለ ክርክር ይቅር።

የጤፍ ነገር ለዚህ የሚበቃ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ዝርያዎች አጠቃቀምና በጥቅም መጋራት ላይ ተፈራረመ። ሲፈረም ለሌሎች አገሮች አርአያ ይሆናል ተብሎ ነበር። ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ደግሞ ከሰረ። ግዴታው ከከሰረው ኩባንያ ጋር ሲቀበር ፓተንቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። በኋላ ፓተንቱን በኔዘርላንድ ዋጋ ያሳጣው በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው፤ ያም በኔዘርላንድ ኩባንያዎች መካከል በተነሣ ክርክር ነው። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘችም። ከዚህ የምወስደው አንድ አንቀጽ ነው፦ ሸሪኩ ቢከስር ወይም ድርጅቱ ቢሸጥ የሰጠነው መብት ሁሉ በዚያው ቀን ወደ እኛ ይመለሳል። የመንግሥት ተቋም ይህ ከጎደለበት፣ ለአንድ የባሕር ዳር የማር ማኅበር የበለጠ ያስፈልገዋል።

በቡናው በኩል ግን አገራችን ቀድማ ነበር። የይርጋጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 እ.ኤ.አ. ማመልከቻ አስገባች፤ ከስታርባክስ ጋር ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 የተስማማችው ስሙን ይዛ ነው። የምርታችሁን ስም ከአከፋፋዩ በፊት በመዳረሻው አገር በራሳችሁ ስም አስመዝግቡ፤ «እኔ አስመዘግብላችኋለሁ» ሲላችሁ በስሙ ይሆናል ማለቱ ነው።

የጋራ ኩባንያ

ብዙ ሰው እንደ ትልቅ ደረጃ የሚያየው ይህ ነው፤ ለእኔ ግን የመጨረሻው አማራጭ ነው። ማሽን፣ ቴክኖሎጂ ወይም ትልቅ ካፒታል ከሸሪኩ በስተቀር ከሌላ የማይገኝ ከሆነ ብቻ ግቡበት።

በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 በአብዛኛው ዘርፍ የውጭ ባለሀብት ብቻውን ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር 150,000 ዶላር ይጠበቅበታል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከፈለገ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊቆጠር ይችላል። እንግዲህ 40,000 ዶላር ይዞ «ሁሉንም በአንተ ስም እናውጣ፣ በጎን እንፈራረማለን» የሚል የውጭ ሰው ሲመጣ እምቢ በሉት። የጎኑ ወረቀት ሁለታችሁም ፍርድ ቤት ይዛችሁ ለመቅረብ የምትፈሩት ወረቀት ነው፤ ግብሩና ዕዳው ደግሞ በእናንተ ስም ይቀራል።

ሰዉ የሚከራከረው በድርሻ መቶኛ ነው። ሸሪኩ ራሱ የምርቱ ገዢ ከሆነ ግን መቶኛው ብዙ አይናገርም። ለምሳሌ 60 በመቶው የእናንተ ይሁን። ኩባንያው በዓመት 100 ቶን በገበያ በኪሎ 6 ዶላር የሚያወጣ ምርት ለሸሪኩ የውጭ ድርጅት በኪሎ በ5 ዶላር ቢሸጥ፣ 100,000 ዶላር ትርፍ ባሕር ተሻግሮ ይታያል፤ ከዚያ ላይ ድርሻ የላችሁም። ማሽኑንም በካፒታልነት ሲያስገባ ዋጋውን ራሱ ከተመነው ያው ነው። ስለዚህ ለሸሪኩ የሚሸጥበት ዋጋ ከምን የገበያ ዋጋ ጋር እንደሚታሰር፣ ማሽኑን ማን እንደሚገምት፣ ባንክ ላይ የሚፈርሙት ሁለቱ እነማን እንደሆኑ፣ አንዱ ልውጣ ሲል ድርሻው በምን ስሌት እንደሚገዛ፣ ይህ ሁሉ በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ይግባ። ግማሽ በግማሽ የሆነ ድርሻም ፍትሐዊ ይመስላል፤ ስትለያዩ ግን ማንም የማይወስንበት ቤት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ሆኜ ቅደም ተከተሉን ብትጠይቁኝ፦ በአነስተኛ መጠን ለሚጀምር ሰው አዲስ አበባ ያለ ላኪ፤ ቋሚ ጥራት ማሳየት ሲችል በኤልሲ ወይም ከፊል ቅድሚያ ባለው ሲኤዲ ቀጥታ ሽያጭ፤ አንድ ገዢ ደጋግሞ በጊዜው ሲከፍል ለአንድ አገር የአንድ ዓመት ብቸኝነት። ቡና ላይ ያለ ሰው በገበሬዎቹ መረጃ፣ ቅመም ላይ ያለ ደግሞ በናሙናና በአየር ጭነት አከፋፈል ላይ ይበርታ።

በማንኛውም ውል ውስጥ የሚገቡ ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው ዳኝነት ነው። የውጭ ፍርድ ቤት ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የዚያ አገር ፍርድ ቤቶችም የእኛን ፍርድ እንዲያስፈጽሙ ይፈልጋል፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የግልግል ውሳኔ ግን ኢትዮጵያ የውጭ የግልግል ውሳኔዎች እንዲፈጸሙ የሚያደርገውን የኒው ዮርክን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ካጸደቀች ወዲህ በበርካታ አገሮች የመፈጸም ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የአገር ውስጡም ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተደራጅቷል። ስለዚህ ከፍርድ ቤት ይልቅ ግልግልን ጻፉ። የግልግል ወጪ ግን ከባድ ስለሆነ በጥቂት ሺህ ዶላር ጭነት ላይ አንቀጹ ብዙ አያድናችሁም፤ እዚያ የሚያድናችሁ የአከፋፈሉ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው የመንገድና የኢንተርኔት መቋረጥ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነን ሁኔታ ያውቃል፤ ለውጭ ገዢ ግን «ከአቅም በላይ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃውም። መንገድ መዘጋትና የመገናኛ መቋረጥ በስም ይጻፉ፤ የማስረከቢያ ቀኑ በምን ያህል እንደሚራዘም ይወሰን። በክልሉ ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ጊዜያት ገዢዎች የተጠራጠሩት ዕቃው ስለዘገየ ብቻ አልነበረም፤ የሚያነጋግራቸው ሰው በማጣታቸው ነበር። አዲስ አበባ ሆኖ በእናንተ ስም መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው፣ ስሙና ስልኩ፣ በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይስፈር። «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል በሁለታችሁም በኩል ቢመጣ በዚያ ስልክ በድምፅ ሳይረጋገጥ አንድ ዶላር እንዳይላክ የሚል መስመርም ከሥሩ ጨምሩበት።